የቅርጫት ኳስ አሠልጣኙ ጆን ማክሌንደን፤ ሕይወታቸውና ሥራቸው

የቅርጫት ኳስን ጨዋታ በ1891 ዓ.ም. በአሜሪካ በስፕሪንግፊልድ ከተማ የፈጠሩት ዶክተር ጄምስ ኔይስሚት መሆናቸው የታወቀ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ኔይስሚት በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ሆነው 55 ጊዜ አሸንፈው 60 ጊዜ መሸነፋቸው ነው። ይህን ጨዋታ መጫወት እንጂ ማሠልጠን ያስፈልገዋል ብለው እምብዛም አያምኑም ነበር ይባላል። ይሁን እንጂ በእርሳቸው ዘንድ ከተማሩት መካከል አንዱ የአሠልጣኝነትን ሥራ ራሱን የቻለ ጥናት አደረገው። እኒህም ጆን ማክሌንደን ናቸው።

ማክሌንደን በ1915 በካንሳስ ግዛት ሃያዋታ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በ1933 ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ለመከታተል ቢፈቀድላቸውም ለዩኒቨርሲቲው የቅርጫት ኳስ ቡድን መሰለፍ ግን አልተፈቀደላቸውም፤ ቡድኑ ጥቁሮችን አይቀበልም ነበርና። ወደ መዋኛው ገንዳ ገብተው በዋኙ ጊዜ እርሳቸው እንደ ወጡ ውሃው እንዲፈስ ተደርጎ ነበር። ስለዚህ ጨዋታውን በሜዳ ሳይሆን በኔይስሚት አጠገብ ሆነው በመጠየቅና በመመልከት አጠኑት። በ1936 ተመረቁ፤ በማግሥቱም ዓመት ከአይዋ ዩኒቨርሲቲ የማስትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ።

በ1940 በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ በደርሃም ከተማ፣ ለጥቁሮች ተብሎ በተቋቋመው ኮሌጅ ዋና አሠልጣኝ ሆኑ። የማክሌንደን ትምህርት ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ስለሆነ በጥቂቱ ማብራራት ይገባል። በዚያን ዘመን የአብዛኛው ቡድን ልማድ ኳሱን ቀስ ብሎ ወደ ፊት ማምጣት፣ እየተቀባበሉ ምቹ ጊዜ መጠበቅና በሁለት እጅ ቆሞ መወርወር ነበር። ማክሌንደን ግን ከኔይስሚት የወሰዱትን አሳብ መሠረት በማድረግ ኳሱ ባለበት ሁሉ፣ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ጨዋታ አለ አሉ። ተጋጣሚው ኳሱን ስቶ ከቅርጫቱ ሲመለስ የያዘው ተጫዋች ወዲያው ወደ ዳር ያቀብላል፤ ከዳር ወደ መካከል ይገባል፤ ሁለት ሯጮችም በግራና በቀኝ ይከተላሉ። በዚህም ጊዜ ሦስት አጥቂዎች ሁለት ተከላካዮችን ያገኛሉ። የተጋጣሚው ሌሎቹ ሦስት ሰዎች ገና በመመለስ ላይ ናቸው። ፋስት ብሬክ የሚባለው ስልት ይህ ነው።

ፈጣን ሩጫ አስቀድሞም የነበረ ነገር ነው፤ የማክሌንደን አዲስነት አጋጣሚውን ሥርዓት ማድረጋቸው ነው። ሥርዓቱም ዋጋ አለው፤ ቡድኑ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች እንደ መጀመሪያዎቹ መሮጥ ካልቻለ ይፈርሳል። ስለዚህ ተጫዋቾቻቸውን ኳስ ከማስነካታቸው በፊት ረጅም ርቀት ያስሮጧቸው ነበር።

ይህ አሳብ ከነጮች ቡድን ጋር ሊፈተን አይችልም ነበር፤ የዘር ልዩነት ሥርዓት ከልክሎታልና። ሆኖም መጋቢት 12 ቀን 1944፣ እሑድ ጧት፣ የደርሃም ሰው በቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ በጦርነቱ ምክንያት በዱክ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማሩ የነበሩና ቀድሞ በየኮሌጁ የተጫወቱ ነጮች በድብቅ ወደ ማክሌንደን አዳራሽ መጡ። በሩ ተቆለፈ፤ ተመልካች አልተጠራም። በመጀመሪያ ሁለቱም ወገኖች ከፍርሃት የተነሣ ኳስ ይስቱ ነበር። በመጨረሻ ግን የማክሌንደን ቡድን 88 ለ44 አሸነፈ። ከዚያም ተጫዋቾቹ ተደባልቀው፣ ጥቁርና ነጭ በአንድ ወገን ሆነው፣ እንደ ገና ተጫወቱ።

የአደጋውን መጠን ለመገመት የሚከተለውን ማስታወስ ይበቃል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር፣ በዚያችው ከተማ፣ ስለ መቀመጫ ከአውቶቡስ ነጂ ጋር የተከራከረ ጥቁር ወታደር በነጂው ጥይት ተገደለ፤ ነጂውም ተከሶ በነፃ ተለቀቀ።

እውነቱን ለመናገር አንድ ግጥሚያ ብቻውን ብዙ አያስረዳም፤ የሕክምና ተማሪዎቹ እንዲህ ያለ ጨዋታ አይተው አያውቁም ይሆናል። በእኔ አስተያየት የሚበልጠው ሁለተኛው፣ ማለት የተደባለቀው ጨዋታ ነው። ያም ሆነ ይህ ውጤቱ በየትም አልተጻፈም። የታሪክ ጸሐፊው ስኮት ኤልስዎርዝ ነገሩን አጥንተው በጋዜጣ ያወጡት በ1996፣ ከ52 ዓመት በኋላ ነው።

ለሁሉ የታየው ማስረጃ የተገኘው በናሽቪል ነበር። ማክሌንደን በ1954 ወደ ቴነሲ ኤ ኤንድ አይ ኮሌጅ ተዛውረው ቡድናቸውን ካንሳስ ሲቲ ለሚደረገው ውድድር ሲወስዱ፣ ተጫዋቾቻቸው እንደ ሌሎቹ ቡድኖች በሆቴል እንዲያርፉ አጥብቀው ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። ከዚያም በ1957፣ በ1958 እና በ1959 የአነስተኛ ኮሌጆች ማኅበር የሆነውን የኤን ኤ አይ ኤን ዋንጫ በተከታታይ ወሰዱ። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ብሔራዊ ዋንጫ የወሰደ የኮሌጅ አሠልጣኝ ከእርሳቸው በፊት አልነበረም። ውድድሩ የትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አልነበረም የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ትልልቆቹ ለእንዲህ ያለ ኮሌጅ በራቸውን አልከፈቱም ነበር። ከተጫዋቾቻቸው አንዱ ዲክ ባርኔት በኋላ ከኒው ዮርክ ኒክስ ጋር በ1970 እና በ1973 የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆኗል።

የቀረውን ባጭሩ ልግለጽ። በ1961 የክሊቭላንድ ፓይፐርስ የተባለው ቡድን በባለሙያዎች ሊግ ሲገባ አሠልጣኙ እርሳቸው ነበሩ፤ በተጫዋቾች ደመወዝ ጉዳይ ከባለቤቱ ጋር ባለመስማማታቸው የውድድሩ ዓመት ሳያልቅ ሥራቸውን ለቀቁ። በ1965 ስለ ፋስት ብሬክ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1966 በክሊቭላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተሾመው፣ ነጮች በሚበዙበት ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝ በመሆን የመጀመሪያው ጥቁር ሆኑ፤ በዚያ ግን 27 ጊዜ አሸንፈው 42 ጊዜ ተሸንፈዋል። በ1969 በዴንቨር የባለሙያ ቡድን ለጥቂት ወራት ሠሩ።

የቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ በ1979 ተቀበላቸው፤ የተመዘገቡት ግን ለጨዋታው አስተዋጽኦ ያደረገ ሰው ተብለው እንጂ በአሠልጣኝነት አልነበረም። በ1999 አረፉ። በአሠልጣኝነታቸው ስማቸው በአዳራሹ የተጻፈው በ2016 ነው።