የክሬቲን ሠሪው ኤንዛይም ሲጎድል

ክሬቲን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የስፖርተኞችን ዱቄት ነው። ሆኖም ይህ ውህድ በእያንዳንዳችን ጡንቻና አንጎል ውስጥ ይገኛል፤ ተግባሩም ሕዋሳት ኃይል በብርቱ በሚሹበት ቅጽበት ፈጥኖ መድረስ ነው። ከሥጋና ከዓሣ ከምናገኘው ሌላ ሰውነታችን ራሱ ያመርተዋል።

ምርቱ በሁለት ደረጃ ይከናወናል። በመጀመሪያ፣ በተለይ በኩላሊት ውስጥ፣ አርጂኒንና ግላይሲን ከተሰኙት አሚኖ አሲዶች ጓኒዲኖአሴቴት ይሠራል። ቀጥሎም በአብዛኛው በጉበት ውስጥ፣ "ጋምት" በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ኤንዛይም የሜታይል ቡድን ጨምሮበት ክሬቲን ያደርገዋል።

ይህ ኤንዛይም በዘር ውርስ ምክንያት ሲጎድል ጉዳቱ ድርብ ነው። አንጎል ክሬቲን ያጣል፤ ሳይለወጥ የቀረው ጓኒዲኖአሴቴትም ተከማችቶ አንጎልን ይመርዛል። ሕፃኑ ሲወለድ ጤናማ ይመስላል፤ ከወራት በኋላ ግን እድገቱ ይዘገያል፤ የሚጥል በሽታም ሊከተል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1994 የጀርመን ሐኪሞች እንቅስቃሴው የታወከ አንድ ሕፃን አንጎሉ ክሬቲን እንደጎደለው በማግኔት ምርመራ ደረሱበት። ክሬቲን በአፍ ሲሰጡትም መሻሻል አሳየ። መንስኤው የዚሁ ኤንዛይም ጉድለት መሆኑ በ1996 ተገለጸ።

ዛሬ ሕክምናው ክሬቲንና ኦርኒቲን መስጠት፣ በምግብ የሚገኘውንም አርጂኒን መመጠን ነው። ወሳኙ ግን ጊዜ ነው። ገና በጨቅላነታቸው ሕክምና የጀመሩ ሕፃናት በመልካም ሁኔታ ሲያድጉ፣ የዘገዩት ላይ የደረሰው ጉዳት ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ስለዚህም አሜሪካ በ2023 ሕመሙን በአራስ ሕፃናት ምርመራ ዝርዝር ውስጥ አካተተች። ከተረከዝ የሚወሰዱ ጥቂት የደም ጠብታዎች የአንድን ሰው የመናገርና የመማር ዕድል ሊታደጉ እንደሚችሉ ከዚህ እንረዳለን።