ግንደ ቆርቁርን ማን ከሰሰው?

በአሰላ ከተማ ጥድ፣ ኮሶ ወይም ያረጀ ባሕር ዛፍ ባለበት ጓሮ ጧት ጧት «ቋ፣ ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ባለቤቱ ቀና ብሎ ሲያይ ቅርፊት ይረግፋል። «ይህ ወፍ ዛፌን ሊያደርቅብኝ ነው!» ብሎ ድንጋይ ያነሣል፤ ልጆችም ወንጭፍ ይዘው ይከተሉታል። ከጊዜ በኋላ ዛፉ እውነትም ይደርቅና ክሱ የተረጋገጠ ይመስላል።

ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ብዙ ዓይነት ጢንዚዛዎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት በድርቅ፣ በእርጅና ወይም በቁስል በተዳከመ ዛፍ ላይ ነው። የሚፈለፈለው ትል፣ ማለትም እጩ፣ ከቅርፊቱ ሥር እየበላ መንገድ ይሠራል። ቅጠሉ ገና ለምለም ሆኖ ሳለ ውስጡ ሊቦረቦር ይችላል። ግንደ ቆርቁር የሚመጣው ይኼኔ ነው። ሁለት ጣቶቹን ወደፊት፣ ሁለቱን ወደኋላ አድርጎ ግንዱን ይጨብጣል፤ ጠንካራ የጭራ ላባውን እንደ ከዘራ ይደገፋል፤ ቀዳዳ ከከፈተ በኋላ ረጅም ምላሱን ሰዶ ትሉን ያወጣል። ወፉ የበሽታው ምልክት ነው እንጂ ምክንያቱ አይደለም። (አንዳንዶች «የዛፍ ሐኪም» ይሉታል፤ እሱም ማጋነን ነው። ትሉን ይቀንሳል እንጂ ዛፉን አያድነውም።)

እርግጥ ጤነኛ ዛፍ ላይ ጉንዳን የሚለቅምበት ጊዜም አለ። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ጤነኛ ዛፍ በስቶ ፈሳሹን የሚጠጣ ዘመድ አለው። ስለዚህ ከመፍረድ በፊት ማየት ነው፤ ከግንዱ ሥር የእንጨት ብናኝ አለ? ቅርፊቱ ሲነካ ይላቀቃል? ጫፉ መድረቅ ጀምሯል?

ለማስተማር ልምምድ የምትወጡ እጩ መምህራን ይህን ለተማሪዎቻችሁ ስጡ። ወፉ በደረቀው ቅርንጫፍና በእርጥቡ ላይ ስንት ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡ። ከሰሌዳው ሥዕል የበለጠ ትምህርት ነው፤ ወጪውም እርሳስና ወረቀት ብቻ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከደጋችን ግንደ ቆርቁሮች አንዱ፣ ጀርባው ወርቅማ የሆነው፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር አይገኝም። ጎጆውን የሚፈለፍለው እንጨት ውስጥ ነው፤ ትቶት የሄደውንም ቀዳዳ መፈልፈል የማይችሉ ሌሎች ወፎች ይወርሱታል። ጣራ ላይ ሊወድቅ የደረሰ ደረቅ ዛፍ ይቆረጥ፣ ክርክር የለንም። ከአጥር ዳር ያለውን ግን ለማገዶ ከመጣል በፊት ቀዳዳው ውስጥ ጫጩት እንዳለ ጠጋ ብሎ ማዳመጥ ምን ይከብዳል?