መሪው ይቅለል፣ ነፍስ ግን አትርከስ!

አሮጌ ስታርሌት ይዘህ ፓርክ ለማድረግ መሪው ላይ በተንጠለጠልክ ቁጥር ብረት የምታነሳ ይመስልሃል? «ፓወር ይገጠምልኝ» ብትል አይፈረድብህም። የኤሌክትሪኩ ፓወር ስቲሪንግ የትናንት ፈጠራ አይደለም፤ ጃፓኖች በ1988 እ.ኤ.አ. ሱዙኪ ሰርቮ በምትባል ትንሽ መኪና ላይ ገጥመውታል። ቪትዝም የመሪ ዘንጓ ላይ ሞተር ስላላት፣ ከሶማሌ ተራ አንዱን ፈልጎ ማጋባት ቀላል ይመስላል።

ግን ቀስ! መጀመሪያ የጎማህን ነፋስ አስለካ። ነፋስ የጎደለው ጎማና ቅባት የደረቀበት መገጣጠሚያም መሪ ያከብዳሉ። እሱ በትንሽ ብር ያልቃል።

የለም፣ እገጥማለሁ ካልክ አንድ ነገር ልብ በል። ሞተሩ ቢበላሽ መሪው ይከብዳል እንጂ አይጠፋም። ሁለቱን ዘንግ ያጣበቀው ብየዳ ከለቀቀ ግን መሪው እጅህ ላይ በባዶ ይዞራል፤ ያኔ ፍሬን ይዞ መጸለይ ነው። ስለዚህ «አሁኑኑ በይጄ እሰጥሃለሁ» የሚል መካኒክ ከገጠመህ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ! ጥርስ በጥርስ የሚገባ፣ በብሎን የሚታሰር መገጣጠሚያ ጥሩ ቶርኖ ቤት ይሥራልህ።

መኪናው ቆሞ መሪው ሲዞር ሞተሩ ከ30 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። ወፍራም ሽቦና የራሱ ፊውዝ ይኑረው፤ ከቴፑ ሽቦ ላይ አይቀጠልም። የፍጥነት መልእክት የማይደርሰው ከሆነ ደግሞ ቀለበት መንገድ ላይ መሪው ከልክ በላይ ሊቀልብህ ይችላል።

ሥራው ሲያልቅ ፊውዙን ነቅለህ ባዶ ሜዳ ላይ ነዳ ነዳ አድርግ። ያለ ኤሌክትሪክም መሪው ከታዘዘህ፣ ያኔ ለባለሙያው ሂሳቡን ክፈል። የደከመ ክንድ እንደሆነ አድሮ ይበረታል።