ሕፃን ታሞ እህል አልቀምስ ሲል

ልጅ የታመመበት ቤት ለጥየቃ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚለው «እህል ትቀምሳለች?» ነው። ባለፈው ክረምት የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ልጄ ተቅማጥና ትኩሳት ይዟት ስትሰነብት ከጎረቤትም ከዘመድም የሰማሁት ይህንኑ ነበር። ጤና ጣቢያ ያየቻት ነርስ ግን የምግብን ነገር ያነሳችው መጨረሻ ላይ ነው። «ትጠጣለች? ጡት ትይዛለች? ሽንቷን የሸናችው መቼ ነው?» እያለች ነበር የጠየቀችኝ።

ዋናው ነገር ያለው በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ ነው። ቀድሞ ደህና ሲመገብ የነበረ ሕፃን ሁለት ሦስት ቀን ምግቡን ቢቀንስ፣ ሲሻለው ይተካዋል። ተቅማጥና ትውከት ይዞት ፈሳሽ ካጣ ግን በሰዓታት ውስጥ ሊዳከም ይችላል። ስለዚህ ጉልበታችሁን ሁሉ ጉርሻ ላይ አትጨርሱት።

ሕፃኑ የማይበላው አስቸጋሪ ስለሆነ አይደለም። ሰውነቱ ከበሽታ ጋር ሲታገል የምግብ ፍላጎቱ በራሱ ይዘጋል። አፍንጫው ከታፈነ ደግሞ እያኘከም ሆነ እየጠባ መተንፈስ ስለማይችል ጡቱንም እየያዘ ይለቀዋል፤ ከመመገቡ በፊት አፍንጫውን በጨው ውሃ ጠብታ ማጽዳት ብቻ ብዙ ለውጥ ያመጣል። አፉንም በብርሃን እዩለት። ሲጠርጉት የማይለቅ ነጭ ነገር ወይም ቁስል ካለ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ እስኪድን ግን ትኩስና ጨው ያለበት ነገር ስለሚያቃጥለው ቀዝቀዝ ያለውን ስጡት። ትኩሳት ካለው ፓራሲታሞል በኪሎው ልክ በባለሙያ ታዝዞ ይሰጠዋል፤ ትኩሳቱ በረድ ሲልለት ነው ምግብ መሞከር ያለበት። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

ወደ ፈሳሹ ልመለስ። ተቅማጥ ካለ ኦአርኤስ የሚተካው የለም። ለአንድ ሊትር የተዘጋጀውን ፓኬት ሙሉውን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ መበጥበጥ ነው፤ አንድ ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ መለኪያ ይሆናል። ግማሹን ፓኬት በብርጭቆ መበጥበጥ ትክክል አይደለም፤ ጨውና ስኳሩ የተመጣጠነው ለሙሉው ነው። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይደፋል። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ በግምት አንድ የቡና ሲኒ ያህል፣ በማንኪያ እየተጨለፈ ይሰጠዋል። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ጀምሩ፣ ከበፊቱ ቀስ ብላችሁ። ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ሕፃን 20 ሚሊ ግራም ዚንክም በየቀኑ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። ተቅማጡ ሲቆም ዚንኩን የሚያቋርጡ ብዙ ናቸው፤ እባካችሁ ጨርሱት፣ ለሚቀጥሉት ወራትም ይጠቅመዋል። ለስላሳ መጠጥ ግን ስኳሩ ስለሚበዛ ተቅማጡን ያባብሰዋል።

ጡት የሚጠባ ከሆነ ደጋግማችሁ አጥቡት። «ተቅማጡን ያመጣበት ጡትሽ ነው» የሚሏችሁን አትስሙ። ሁሉንም ምግብ የገፋ ሕፃን ጡት ከያዘ ውሃም ምግብም እያገኘ ነው።

አሁን ዝም ብዬ ላልፋቸው የማልችላቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ መጋት ነው። አፍንጫ ይዞ፣ እያለቀሰ ያለን ሕፃን አጥሚት ወይም የአብሽ ውሃ መጋት አደገኛ ነው፤ ሲያለቅስ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፣ ፈሳሹም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ሁለተኛው «እንጥሉ ወርዶ ነው»፣ «ግግ አብቅሎ ነው» እየተባለ ሕፃኑን ወደ ቆራጭና ወደ ነቃይ መውሰድ ነው። ይህን የሚሉት ልጁን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፣ አውቃለሁ፤ ለእኔም ያሉኝ ከልባቸው ተጨንቀው ነው። ነገር ግን እንጥል ተቅማጥም ትውከትም አያመጣም። ግግ ተብሎ ከድድ ውስጥ የሚወጣውም ገና ያልበቀለ የልጁ የራሱ ጥርስ ነው። በዚህ ምክንያት ሕፃናት ደማቸው ፈስሷል፣ ቁስላቸው መርቅዟል፣ መንጋጋ ቆልፍ ይዟቸዋል። አያትም ብትሆን፣ አማትም ብትሆን በአክብሮት እምቢ በሉ። «ሐኪም ይየው፤ ከዚያ እንነጋገራለን» ማለት ማንንም አያስቀይምም።

ምግቡን በተመለከተ ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ፣ የሚወደውን። ሳህን ሙሉ ገንፎ ፊቱ ላይ ማስቀመጥ ሕፃኑንም እናቱንም ያስጨንቃል። ሁለት ሦስት ማንኪያ እየደጋገሙ መስጠት ይሻላል። ውሃ የበዛበት ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ብዙ ኃይል አይሰጥም፤ ጠንከር ብሎ ተሠርቶ ቅቤ ወይም ዘይት ጠብ ቢደረግበት በትንሽ ማንኪያ ብዙ ያገኛል። የተፈጨ ድንች፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ እርጎ፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል ሁሉም ይሆናሉ። በጾም ወቅት ዕቃ እንዳይነካካ ተብሎ እንቁላልና ወተት ጨርሶ የሚጠፋበት ቤት ብዙ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲጾም አይገደድም፤ ለእሱ ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ይበቃል። የምግብ ፍላጎት ይከፍታል የሚባለውን ሽሮፕ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ አትግዙ።

ሳትዘገዩ ጤና ተቋም መሄድ ያለባችሁ መቼ ነው? መጠጣት ወይም ጡት መያዝ ሲያቅተው፣ የሰጣችሁትን ሁሉ ሲያስመልስ፣ ሰውነቱ ሲንዘፈዘፍ፣ ሲፈዝና ለመንቃት ሲያስቸግር። ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ ዳይፐሩ ለ6 ወይም ለ8 ሰዓት ከደረቀ፣ ተቅማጡ ደም ካለበትም እንዲሁ። አተነፋፈሱን ሲረጋጋ ልብሱን ገልጣችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፣ መታየት አለበት። ቀድሞውኑ የከሳ ልጅ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን አትታገሱ፤ የምግብ ፍላጎቱ እንደጠፋ ውሰዱት።

ሲሻለው ነው ዋናው የምግቡ ሥራ የሚጀመረው። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ጨምሩለት፣ የከሳውን የሚመልሰው በዚህ ጊዜ ነው። ኪሎው ካልተመለሰ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ንገሯት፤ የክንዱን ዙሪያ ትለካዋለች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ ሕክምናም አለው።

ትንሽ ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ ሁለት ፓኬት ኦአርኤስና ዚንክ ዛሬውኑ ገዝታችሁ ቤት አስቀምጡ፤ ተቅማጥ ፋርማሲ በተዘጋበት ሌሊትም ይጀምራልና።