ከገዳሪፍ ሚዛን እስከ ታላቁ የሒሳብ መኪና

የሰሊጥና የማሽላ ሻጭና ገዢ በሚገናኙባት በገዳሪፍ ከተማ፣ በሚዛን አጠገብ የሚቀመጠው ጸሐፊ ሥራው ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያውን ጭነት ይጽፋል፤ ሁለተኛውን ይደምራል፤ ድምሩን በመዝገብ ያሰፍራል። ከመተማ ወዲህና ወዲያ ያሉ ወላጆች ግን ልጆቻቸው «ኮምፒዩተር እንማራለን» ሲሏቸው ነገሩ እጅግ የራቀ ጥበብ መስሎ ይታያቸዋል። እኛም ይህ ጥበብ ከሚዛኑ ጸሐፊ ሥራ ብዙ የራቀ አለመሆኑን ለማስረዳት እንወዳለን።

መጋቢት 29 ቀን 1956 ዓ.ም. አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ሲስተም 360» የተሰኘውን ሜይንፍሬም ለዓለም አስታወቀ። ሜይንፍሬም ማለት የባንክን፣ የአየር መንገድንና የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ብዙ ሒሳብ ባንድነት የሚያካሂድ ታላቅ ኮምፒዩተር ነው። በውስጡም ከ0 እስከ 15 የተቈጠሩ 16 ሬጅስተሮች ይገኛሉ። ሬጅስተር መኪናው የሚሠራበትን ቁጥር ለጊዜው የሚይዝበት እጁ ነው፤ ማኅደሩ ደግሞ ጎተራው ነው። አሴምብለርም ለዚህ እጅና ለዚህ ጎተራ አንድ በአንድ ትእዛዝ የሚሰጥበት ቋንቋ ነው።

እንግዲህ 45 ጆንያና 37 ጆንያ ሰሊጥ ለመደመር ሦስት ትእዛዝ ይበቃል። በ«ኤል» 45ን ከጎተራው አውጥተን በአንድ ሬጅስተር እናስይዛለን፤ በ«ኤ» 37ን እንጨምርበታለን፤ በ«ኤስ ቲ» ድምሩን 82ን ወደ ጎተራው እንመልሳለን። ተማሪው ሦስተኛውን ቢረሳ ድምሩ በመኪናው እጅ ብቻ ይቀራል፤ ሬጅስተሩም ለሌላ ሥራ ሲያዝ ይጠፋል። ይህም ድምሩን ሳይጽፍ ወደ ቤቱ የሄደውን የሚዛን ጸሐፊ ይመስላል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ማኅደሩን የሚመረምሩ ሰዎች በ16 መሠረት ስለሚቈጥሩ 82ን «52» ብለው ይጽፉታል፤ 5 ጊዜ 16፣ ሲደመር 2 ነውና። እንደዚሁም በጽሕፈት ምልክት የገባ «45» ለመኪናው ሁለት ምልክት እንጂ ቁጥር አይደለም። አስቀድሞ «ፓክ»፣ ቀጥሎም «ሲ ቪ ቢ» በተባሉት ትእዛዞች ወደ ቁጥር መለወጥ አለበት። እንዲያው የደመረው ሰው የተሳሳተ ድምር ያገኛል፤ መኪናው ግን አይገሥጸውም። መኪናው የታዘዘውን ይፈጽማልና ኀላፊነቱ ያዛዡ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ ከካርቱም የሸሸ ብዙ ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ገባ። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻም የአገሪቱ የስልክና የኢንተርኔት መስመር በሰፊው ተቋረጠ። ትምህርቱ የተቋረጠበት ወጣት በእንዲህ ያለ ጊዜ «ያለ መኪና ምን እማራለሁ?» ቢል ሊፈረድበት አይገባም።

ነገር ግን ይህን ትምህርት በእርሳስና በደብተር መጀመር ይቻላል። በገጹ ላይ 16 ቤቶች አሥምሮ፣ ከጎኑም ጎተራውን ሥሎ፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ ምን እንደለወጠ በእጁ ይጻፍ። ተራ ኮምፒዩተር ባገኘ ጊዜ «ሄርኩሊስ» የተባለው ነጻ ፕሮግራም የቀድሞውን ሜይንፍሬም ሥራ አስመስሎ ያሳየዋል። ዛሬ የሬጅስተሩ ስፋት ከ32 ወደ 64 ቢት ቢያድግም፣ እነዚያ ሦስት ትእዛዞች አሁንም በአዲሶቹ ሜይንፍሬሞች ላይ ይሠራሉ።

ይህ ትምህርት ነገ እንጀራ ያስገኛል ብለን ተስፋ አንሰጥም። ነገር ግን ነገርን ከፋፍሎ ማየትንና የሠሩትን መልሶ መመርመርን ያስተምራል። ወላጆችም ልጃቸው በደብተሩ ቤቶችን ሲያሠምር ቢያዩ፣ ጊዜውን በከንቱ ያጠፋል አይበሉ፤ እርሳሱ ሲያልቅ ሌላ ይግዙለት።