ሸሞንሟናዬን ተከትሎ

ባሕር ዳር ላይ የካሴት ዘመን እያበቃ ነበር። መደርደሪያውን ሲዲ ወርሶታል፤ ሲዲንም ፍላሽ ሊያባርረው ደጃፍ ላይ ቆሟል። ቢሆንም በየሙዚቃ ቤቱ ጥግ ጠያቂ ያጡ ካሴቶች ተደራርበው አይጠፉም ነበር። ከነዚያ ቤቶች ወደ አንዱ ብራያን ሺምኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ ጎራ አለ።

ሰውየው ሙዚቃን ከሕዝብ ባህል ጋር አያይዞ የሚያጠናውን ትምህርት የተማረ ነው። ስለ ሂፕሆፕ ሊያጠና ጋና ሄዶ፣ ከጥናቱ ይልቅ በየገበያው የሚቸረቸሩት ካሴቶች ልቡን ማረኩት። አገሩ የተመለሰው ካሴት ሸክፎ ነበር። ከ2006 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «አውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በሚል ስም ያገኘውን ሁሉ በኢንተርኔት ለዓለም ያሰማ ጀመር። ወደ አፍሪካ ብቅ ባለ ቁጥር የማያውቀውን ካሴት ይገዛል። ባሕር ዳርም ያደረገው ይህንኑ ነው። ከሸመታቸው በአንዱ ላይ ኃይሉ መርጊያ የሚል ስም ነበረበት። የታተመው በ1985 ነው።

ካሴቱን ሲያጫውተው መጀመሪያ የሰማው አኮርዲዮን ነበር። ከሥሩ ግን ከበሮ መቺ የለም፤ ምቱን የሚጠብቀው ማሽን ነው። በመሐል ሲንተሳይዘር እየተንሳፈፈ ይገባል፣ ይወጣል። ዜማው ደግሞ የአያት የቅድመ አያት ነው፦ «ሸሞንሟናዬ»፣ «ወገኔ»፣ «አምባሰል»። የጥንቱን የአገር ቤት ቅኝት ሰማይ አቋርጣ የምትጓዝ መንኮራኩር ውስጥ ተቀምጦ የሚጫወት ሰው ይመስላል። ደግሞም ባንድ አልነበረም፤ መሣሪያዎቹን ሁሉ እየደራረበ የተጫወታቸው አንድ ሰው ብቻውን ነው።

ማን ነው? የት ነው ያለው? በሕይወትስ አለ?

አድናቂዎች የተረሳ ወይም ሊረሳ የተፈረደበት ሥራ እንዲመለስ ሲታገሉ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1967 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ኤንቢሲ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ «ስታር ትሬክ» የሚባለውን የሳይንስ ልቦለድ ተከታታይ ፊልም ሊያቆመው ነው ተባለ። ቢጆ እና ጆን ትሪምብል የተባሉ ባልና ሚስት ተመልካቹን ለደብዳቤ ቀሰቀሱ። ጣቢያው ራሱ ከመቶ ሺህ በላይ ደብዳቤ እንደደረሰው ተናገረ። መጋቢት 1 ቀን 1968 ምሽት፣ ፊልሙ እንደሚቀጥል በአየር ላይ ተነገረ። አድናቂዎቹ አሸነፉ፤ ድሉ ግን ሙሉ አልነበረም። ፊልሙ ሰው ከቤቱ በሚወጣበት የዓርብ ምሽት ሰዓት ተወረወረና በ1969 ተቋረጠ። ያን ጊዜ ግን ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። ትናንሽ ጣቢያዎች ደጋግመው ሲያሳዩት ተመልካቹ እየበዛ ሄደ፤ በ1979 በሲኒማ ተመለሰ። ከዚያም በፊት በ1976 የመጀመሪያዋ የጠፈር ማመላለሻ (ስፔስ ሻትል) በፊልሙ መንኮራኩር ስም «ኢንተርፕራይዝ» የተባለችው በነዚሁ አድናቂዎች ደብዳቤ ነው።

የኛም ሙዚቃ እንዲህ ዓይነት ባለውለታ አለው። በ1984 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰማ፤ እንቅልፍ አጣ፤ በዓመቱ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። «እሬ መላ መላ» በ1986 አውሮፓ ውስጥ ታተመ፤ በኋላም «ኢትዮፒክስ» የተባሉት ተከታታይ ሲዲዎች ከዚያ ጉጉት ተወለዱ።

ትሪምብሎች የሚጽፉበት አድራሻ ነበራቸው፤ ኤንቢሲ የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ሺምኮዊትዝ በእጁ ያለው ስም ብቻ ነው። ስሙን ተከትሎ ወደ ኋላ ሲሄድ መንገዱ ከባሕር ዳር ርቆ ወጣ፤ ዳርቻውም ሰሜን ሸዋ ነበር።

ኃይሉ መርጊያ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለደ። ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች፣ በብርዷና በብርድ ልብሷ የምትታወቅ ናት። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከሰማይ ብርሃን ታየ ብለው የቆረቆሯት ስትሆን፣ ያ ብርሃን በ1456 ብቅ ያለችው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳትሆን አትቀርም የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ሙዚቃው የጠፈር ጉዞ ለሚመስል ሰው ከዚህ የተሻለ የትውልድ ቦታ አይገኝም።

ልጁ በ10 ዓመቱ አዲስ አበባ ገባ። ያደገው የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ዘፈኖችን እየሰማ ነው። በ14 ዓመቱ አኮርዲዮን አነሣ፤ አስተማሪ አልነበረውም። የጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ገብቶ በቆየባቸው ሁለት ዓመታት ኖታ ማንበብና መጻፍ ለመደ፤ ከዚያ ወጥቶ ከክለብ ክለብ እየተዘዋወረ ይጫወት ጀመር። ያኔ አኮርዲዮን ተወዳጅ ነበር። ኦርጋን ሲመጣ ግን አኮርዲዮን ወደ ጥግ ተገፋ፤ ኃይሉም ወደ ኦርጋኑ ተሻገረ።

በ1970ዎቹ ዋልያስ ባንድ ተመሠረተ፤ የሚመራውም በክለብ ባለቤት ሳይሆን በራሱ አባላት ነበር። ብዙም ሳይቆይ የአዲስ አበባ ሒልተን መድረክ የዋልያስ ሆነ። አብዮቱ ፈንድቶ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የከተማይቱ ሌሊት ፀጥ አለ። ፀጥታው ግን ከበር ውጭ ነበር። ማታ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል በሩ ይዘጋበታል፤ ታዳሚው ውስጥ ሆኖ ሲጨፍር፣ ሙዚቀኛውም ሲጫወት ያነጋል። ሳንሱሩ በግጥም ላይ ዓይኑን ባፈጠጠበት በዚያ ጊዜ፣ ቃል በሌለው ሙዚቃ ውስጥ የሚሰረዝ ስንኝ አልነበረም። ዋልያሶች በ1977 ያወጡት «ቼ በለው» የተሰኘ ሸክላ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተሳትፎበታል። ከውስጡ «ሙዚቃዊ ስልት» ኋላ በሌላ አገር ባንዶች ሳይቀር የተጫወቱት ሆነ። ብዙ አድማጭ ዜማውን በጆሮው ይለየዋል፤ ኦርጋኑ ላይ ያረፉት ጣቶች የማን እንደሆኑ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሙዚቀኛ ከዘፋኙ ጀርባ መቆሙ የኛ አገር ልማድ ነው፤ መልካም ልማድ ነው አልልም።

በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ከኢትዮጵያ ዘመናዊ ባንድ ወጥቶ አሜሪካን ሲዞር ይህ የመጀመሪያው ነበር። ኃይሉና ጓደኞቹ ትልቅ በር የተከፈተላቸው መሰላቸው።

በሩ ግን የታሰበውን ያህል ሰፊ አልነበረም። አድማጩ በአብዛኛው ስደተኛው ወገን ሆነ። ጉዞው ሲያበቃ ከባንዱ ገሚሱ አገሩ ተመለሰ፤ ኃይሉን ጨምሮ የተወሰኑት ዋሽንግተን ቀሩ። ዋልያስ እንዲህ ለሁለት ተከፈለ። የቀሩት ዙላ ባንድን መሥርተው ኢትዮጵያውያን በሚያዘወትሯቸው ክለቦች መጫወት ቀጠሉ። ኃይሉ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሙዚቃ ተማረ። በዚያው ጊዜ፣ አንድ የሚያውቀው ሰው ቤት ካለ አነስተኛ ስቱዲዮ ውስጥ ሐሳብ መጣለት፦ ልጅ ሆኖ የጀመረበትን፣ ኦርጋን ያስረሳውን አኮርዲዮን ቢመልሰውስ?

አኮርዲዮኑን አነሣ። አጃቢ ባንድ አልነበረውም፤ ስለዚህ የሮድስ ፒያኖ፣ የሙግ ሲንተሳይዘር፣ ያኔ አዲስ የነበረውን ያማሃ ዲኤክስ ሰባት ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን አሰባስቦ ባንዱን ከራሱ ሠራው። ካሴቱ አገር ቤት ተልኮ ተሸጠ። ዋሽንግተን ውስጥ ግን በኃይሉ ኑሮ ላይ ያመጣው ለውጥ አልነበረም።

በ1991 መድረኩን ተወው። ክለብ ከፍቶ ለተወሰኑ ዓመታት ሠራ፤ ያም ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ በዋሽንግተኑ ዱለስ አየር ማረፊያ ተሰልፈው መንገደኛ ከሚጠብቁት ታክሲዎች በአንዱ ውስጥ መሪ ጨብጦ ተገኘ። አድናቂ ከእንግዲህ እዚያ ይፈልገዋል ብሎ ማን ያስባል?

ይሁን እንጂ የተሳፋሪ ሻንጣ በሚገባበት በታክሲው የኋላ ክፍል ውስጥ በባትሪ የሚሠራ የያማሃ ኪቦርድ ነበር። ሰልፉ ሲረዝም ኪቦርዱን ያወጣል፣ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፣ ይለማመዳል። ተራው ሲደርስ መልሶ ያስገባውና መንገደኛውን ይዞ ይነዳል። ለማን ነው የሚለማመደው? መድረክ የለ፣ ቀጠሮ የለ። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ይህ ክፍል ነው። አድናቂው ካሴቱን ባያገኘው ኖሮም ሰውየው እየተለማመደ ይኖር ነበር።

አድናቂው በበኩሉ ፍለጋውን ቀጥሎ ነበር። አሮጌ ካሴት እንደገና ለማተም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከአሳታሚው ይልቅ ባለ ሥራውን ማግኘት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይከብዳል። ስንቱ ሞቷል፣ ስንቱ ተሰዷል፣ ስንቱ ሙያውን ቀይሯል። ሺምኮዊትዝ የኃይሉን ስም ኢንተርኔት ላይ ሲያስስ የስልክ ቁጥር ብቅ አለ፤ የአሜሪካ ቁጥር ነበር። ከኢትዮጵያ ያመጣውን ድምፅ ባለቤት ያገኘው በገዛ አገሩ ነው።

ደወለ።

ያነሣው ራሱ ኃይሉ ነበር።

ሁለቱ ተስማሙ። የሺምኮዊትዝ አሠራር ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል መካፈል ነው፤ ሥራው በየአደባባዩ ተገልብጦ ሳንቲም ላልደረሰው ለኛ ሙዚቀኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2013 ያ የ1985 ካሴት በሸክላ፣ በሲዲና እንደገና በካሴት ታተመ። የሙዚቃ ጸሐፊዎች ተቀባበሉት፤ የዱለሱ ባለ ታክሲ ማን እንደሆነ ጋዜጦች ጠየቁ።

ከዚያ የመጣው ጥያቄ ግን ከሕትመት ይከብዳል። ሕዝቡ ካሴቱን ብቻ ሳይሆን ሰውየውን መድረክ ላይ ማየት ፈለገ። ሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል በተመልካች ፊት ያልቆመ፣ ስድሳ ሰባት ዓመት የደፈነ ሰው ይችላል? የታክሲው ኪቦርድ መልስ የሰጠው እዚህ ላይ ነው። ጣቶቹ አልዛጉም ነበር። ኃይሉ አሜሪካንና አውሮፓን እየዞረ ይጫወት ጀመር፤ በጉዞና በጉዞ መካከል ወደ ታክሲው ይመለስ ነበር። ያን ጊዜ ከኋላው የሚያጅቡት ከበሮ መቺው ቶኒ በክ እና ቤዝ ተጫዋቹ ማይክ ማይኮቭስኪ ነበሩ።

በደብዳቤ ዘመቻ የተረፈ ፊልም ብዙ ጊዜ ባለበት ይደጋገማል። ኃይሉ ግን የድሮውን እየደጋገመ መኖር አልፈለገም። በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ፤ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ»ን። በነዚህ ዓመታት የቀደሙት ሥራዎቹም አንድ በአንድ ከተረሱበት ወጡ፦ «ቼ በለው»፣ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ»፣ በመጨረሻም ከዋልያስ ጋር በ1975 ያሳተመው «ትዝታ»፣ በ2021። በ2016 ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ተመልካች ፊት ሲጫወት የተቀዳው ደግሞ በ2023 ለገበያ ቀረበ፤ የደብረ ብርሃኑ ልጅ ያን ጊዜ ሰባ ሰባት ዓመቱ ነበር።