ጥሬ ዓሣ የሌለበት ሱሺ፦ ሒሳቡ ከሩዙ ነው

በቶኪዮው የቶዮሱ ገበያ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 በተካሄደው የዓመቱ የመጀመሪያ ጨረታ፣ 278 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ቱና ዓሣ በ333.6 ሚሊዮን የን ተሸጧል። ኪሎው 1.2 ሚሊዮን የን ገባ ማለት ነው። ገዢው የሱሺ ምግብ ቤቶች ኩባንያ ሲሆን፣ ከዓሣው ሥጋ ይልቅ በየጋዜጣው ስሙ መነሳቱ ሳይጠቅመው አልቀረም። ይህን የሰማ ሰው የሱሺ ንግድ ያለ ውድ ዓሣና ያለ ማቀዝቀዣ ክፍል የማይሞከር ቢመስለው አይፈረድበትም። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

ሱሺ የጥሬ ዓሣ ስም አይደለም። በአቼቶ፣ በስኳርና በጨው የተቀመመ ሩዝ ያለበት ምግብ ነው። ጥሬው ዓሣ ያለ ሩዝ ብቻውን ሲቀርብ “ሳሺሚ” ይባላል። በዚያው በጃፓን ጥሬ ዓሣ የማይገባባቸው ጥቅሎች ሞልተዋል። “ካፓ ማኪ” የሚባለው በውስጡ ያለው ኪያር ብቻ ነው። “ካንፒዮ ማኪ” ደግሞ እንደ ጥብጣብ ተልጦ የደረቀ የቅል ሥጋ በሶያ ሶስና በስኳር ተቀቅሎ የሚጠቀለልበት ነው። ቅሉ እኛ አገር ወተት የሚናጥበት የዚያው የቅል ወገን ነው፤ የእኛ ሰው ውስጡን ፈልፍሎ ሲጥል፣ የቶቺጊ አውራጃ ገበሬ ግን ያንኑ ሥጋ ልጦና አድርቆ ይሸጠዋል።

ዓሣው ከሒሳቡ ሲወጣ የሚቀረው ዋና ዕቃ “ኖሪ” የተባለው ደረቅ የባሕር ቅጠል ነው። አንዱ ቅጠል 21 በ19 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ቅጠል ከባድ የገበያ ታሪክ አለው። የጃፓን አርሶ አደሮች ለረጅም ዘመን ቀርከሃና ቅርንጫፍ ባሕር ውስጥ ተክለው ዘሩ መጥቶ እንዲጣበቅ ይጠብቁ ነበር። ዘሩ በጋውን የት እንደሚከርም የሚያውቅ ስላልነበረ አንዱ ዓመት ይሞላል፣ ሌላው ባዶ ይቀራል፤ “የዕድል ሣር” የሚል ስም የወጣለትም በዚህ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምርቱ ክፉኛ ወደቀ።

መፍትሔው የመጣው ከእንግሊዝ ነው። ካትሊን ድሩ ቤከር የተባሉ የማንቸስተር ተመራማሪ፣ የቅጠሉ ዘር በባሕር እንስሳት ቅርፊት ውስጥ ተጠግቶ እንደሚያድግ አረጋግጠው እ.ኤ.አ. በ1949 ኔቸር በተባለው መጽሔት አወጡ። የጃፓን ሊቃውንትም ይህን ይዘው ዘሩን በቅርፊት ላይ አሳድጎ ወደ መረብ የማዛወር ዘዴ አበጁ። ቁማር የነበረው እርሻ ሆነ። ሴትየዋ ጃፓንን ሳያዩ በ1957 አረፉ። ባል አግብተሻል ተብለው ከዩኒቨርሲቲው መምህርነት ከወጡ በኋላ ይመራመሩ የነበረው ያለ ደመወዝ ነው። ኩማሞቶ አውራጃ ውስጥ ባሕሩን የሚያይ ሐውልት በ1963 አቁመውላቸዋል፤ ከግኝታቸው ግን አንድ ሳንቲም አላገኙም።

ጥቅሉን ወደ ዓለም ገበያ ያወጣው ደግሞ አቮካዶ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገደማ፣ በሎስ አንጀለስ ቶኪዮ ካይካን በተባለ ምግብ ቤት፣ ኢቺሮ ማሺታ የሚባሉ ሱሺ ሠሪ ስባማውን ቱና በአቮካዶ ተክተው ከክራብ ጋር ጠቀለሉት ይባላል። የቫንኩቨሩ ሂዴካዙ ቶጆም “የእኔ ነው” ይላሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም። ቅጠሉን ማየት ለማይወደው አሜሪካዊ ሩዙ ወደ ውጭ፣ ቅጠሉ ወደ ውስጥ ተገለበጠለት። “ካሊፎርኒያ ሮል” የሚባለው ይህ ነው። ኋላም በእውነተኛው ክራብ ቦታ፣ ከተፈጨ ነጭ ዓሣ ተቀቅሎ የሚሠራው ርካሹ ክራብ ስቲክ ገባ።

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንምጣ። ሩዙ አጭርና ድቡልቡል ፍሬ ያለው መሆን አለበት፤ ባስማቲ ስለማይያያዝ ጥቅሉ ቢላዋ ሲነካው ይበተናል። ውሃው እስኪጠራ ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ ከዚያ በትኩሱ ሰፊ ገበቴ ላይ ይገለበጣል። ለ1 ኪሎ ደረቅ ሩዝ ወደ 180 ሚሊ ሊትር የሩዝ አቼቶ፣ 70 ግራም ስኳርና 20 ግራም ጨው ይበቃል። ማማሰል የለም፤ በእንጨት ማንኪያ እየቆረጡ እያራገቡ ለሰውነት ሙቀት እስኪቀርብ ማቀዝቀዝ ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ካሻው ገንፎ ይሆንበታል።

ግማሽ ቅጠል በቀርከሃ ሰሌን ላይ ሻካራው ፊት ወደ ላይ ሆኖ ይዘረጋል። በረጠበ እጅ 80 ግራም ያህል ሩዝ በስሱ ይነጠፍና በወዲያኛው ጠርዝ አንድ ሴንቲ ሜትር ባዶ ይተዋል። ኪያሩ መሐል ይገባል፣ ይጠቀለላል፣ በረጠበ ቢላዋ ስድስት ቦታ ይቆረጣል። 1 ኪሎ ደረቅ ሩዝ ሲበስል 2.2 ኪሎ ገደማ ስለሚሆን 27 ጥቅል ይወጣዋል፤ 162 ጉርሻ ከ14 ቅጠል። የዕቃው ወጪ ለማንም ቸርቻሪ ግልጽ ነው። የማይታየው ወጪ የእጁ ፍጥነት ነው፤ በሰዓት አምስት የሚጠቀልልና ሠላሳ የሚጠቀልል ሰው አንድ ንግድ ላይ አይደሉም።

“ጥሬ ዓሣ ስለሌለ አያሰጋም” የሚል ሻጭ ግን አይታመን። የበሰለ ሩዝ በክፍል ሙቀት ሲውል የሚያስመልስ መርዝ የሚያበቅል ባክቴሪያ አለው። አቼቶው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በአሜሪካ ከማቀዝቀዣ ውጭ የሚውል የሱሺ ሩዝ የአሲድ መጠኑ እየተለካ ፒኤች 4.6 ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን የሚጠየቀው ለዚህ ነው። የጾም ደንበኛ ያለውም ይጠንቀቅ፤ ክራብ ስቲክ ከዓሣው ሌላ ብዙ ጊዜ የእንቁላል ነጭ ይገባበታል። ኪያር፣ ካሮትና አቮካዶ ያለበት ጥቅል ማዮኔዝ ካልተቀባ በስተቀር ጾም ነው።

ዋናው ኪሳራ ግን ያልተሸጠው ነው። ማቀዝቀዣ ያደረ ሩዝ ይደርቃል፣ ቅጠሉም እርጥበት ይዞ እንደ ላስቲክ ይሳባል። ጃፓኖች በየካቲት መጀመሪያ ሴትሱቡን በሚሉት ዕለት የሚበሉት “ኤሆማኪ” የሚባል ወፍራም ጥቅል አለ። ሱቆች በየዓመቱ ከገዢው በላይ እያዘዙ ብዙው ቆሻሻ ላይ ይጣል ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር ቸርቻሪዎች በፍላጎቱ ልክ ብቻ እንዲያዘጋጁ በደብዳቤ እስከ መጠየቅ ደርሷል።